የደም ካንሰር በቆዳ ላይ ሲታይ፦ ለአስታማሚ ቤተሰብ የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ ጽሑፍ በላፍቶ፣ በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳ ወይም በሀና ማርያም ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ያለበትን ሰው ቤት ውስጥ ለሚያስታምሙ ነው። የሕመምተኛው ሰውነት ላይ ነጠብጣብ፣ ብልዝ፣ እብጠት ወይም ቁስል ሲወጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ሰፈሩ ውስጥ ወዳለው መድኃኒት ቤት ነው። ቅባት ይገዛል፣ ይቀባል፣ ይጠብቃል። ያ የጥበቃ ጊዜ ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ። የሉኪሚያ ሕመምተኛ ቆዳ ላይ የወጣ ማንኛውም አዲስ ነገር፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ የደም ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቅባት ከመገዛቱ በፊት ደሙ ይታይ።

ሉኪሚያ የሚነሳው ከአጥንት መቅኔ ነው። መቅኔው ያልበሰሉ ነጭ የደም ሴሎችን ያለ ልክ ሲያመርት ቀይ ሴሎችና ደም እንዲቆም የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች የሚመረቱበት ቦታ ይጠፋል። በዚህ የተነሳ ቆዳ በተለያየ መንገድ ይጎዳል። ፕሌትሌት ሲያንስ ደም ከቆዳ ሥር ይፈሳል። ጤነኛው ነጭ ሴል ሲያንስ፣ ሌላውን ሰው የማይነካ ተራ ጀርም ሕመምተኛውን ያቆስለዋል። መድኃኒቶቹም በበኩላቸው ሽፍታ፣ መጥቆር ወይም መላጥ ያመጣሉ። አልፎ አልፎ ደግሞ የካንሰር ሴሎቹ ከደም ወጥተው ቆዳው ውስጥ ይሰፍራሉ። እነዚህን በዓይን ብቻ መለየት ለሐኪምም ከባድ ነው። የእርስዎ ድርሻ በጊዜ ማየት፣ በትክክል መመዝገብና ወደ ትክክለኛው በር መውሰድ ነው።

በመጀመሪያ፣ በቀን ብርሃን ይመልከቱ

የሕመምተኛውን ሰውነት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ከወሰደ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ደግሞ በየቀኑ ይመልከቱ። የደም ሴሎች ቁጥር በጣም የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። የአምፖል ብርሃን ቀለም ስለሚያሳስት መስኮት አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ ያድርጉት። ሰውነቱ ታጥቦና ደርቆ፣ ቅባት ሳይነካው ቢሆን ይመረጣል።

ብዙዎቹ የሕክምና መጻሕፍት ምልክቶቹን የሚያሳዩት በነጭ ቆዳ ላይ ነው። ቀይ ነጠብጣብ ሲሉ የእኛ ሰው ቆዳ ላይ ቀይ ላይሆን ይችላል። ጥቁር ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም ጥላ የመሰለ ሆኖ ይታያል፤ በጣም ጠይም ቆዳ ላይ ጭራሹኑ ሊሰወር ይችላል። ስለዚህ ቀለሙ ሳሳ ከሚልበት ቦታ ይጀምሩ፦ መዳፍ፣ ውስጥ እግር፣ የታችኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል፣ የከንፈር ውስጥ፣ ላንቃና ድድ። ከዚያ ወደ ባትና ቁርጭምጭሚት ይሂዱ፤ የደም ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወጣው እግር ላይና የካልሲ ላስቲክ ወይም ቀበቶ በሚያጠብቅበት ቦታ ነው። ብብት፣ ብሽሽት፣ ጡት ሥር፣ መቀመጫና ከጆሮ ኋላ ያለው ቦታም አይታለፍ። ሕመምተኛው አፍሮ የሚደብቀው ቁስል ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እንሶስላ ወይም ሂና መዳፍና ጥፍር ላይ ሲሞቅ ያምራል፤ ነገር ግን የደም ማነስን ንጣትና የደም ነጠብጣብን ይሸፍናል። ሕክምናው እስኪያልቅ ቢቀር ይሻላል። የጥፍር ቀለምም እንደዚሁ።

ነጠብጣብ ካዩ ንጹሕና ቀለም የሌለው ብርጭቆ ላዩ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ይጫኑ። ተራ ሽፍታ ሲጫኑት ይደበዝዛል። ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ግን ከብርጭቆው ሥር እንዳለ ይታያል። ከዚያ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም ያስቀምጡ። በደብተር ላይ መቼ እንደታየ፣ ያመዋል ወይስ አያመውም፣ ያሳክከዋል ወይስ አያሳክከውም፣ በዚያ ሳምንት የተጀመረ መድኃኒት አለ ወይስ የለም ብለው ይጻፉ። ሐኪሙ ዘንድ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ይህ ማስታወሻ ካለ ለጥያቄ የሚያልፈው ሰዓት ለምርመራ ይተርፋል።

ያዩት ምን ሊሆን ይችላል?

የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ፣ ቆዳውን ከፍ ያላደረጉ፣ ሲጫኗቸው የማይጠፉ ነጠብጣቦች የፕሌትሌት ማነስ ምልክት ናቸው። ሳይመታ የሚበልዝ ሰውነት፣ ጥርስ ሲፋቅ የሚደማ ድድ፣ የሚደጋገም ነስርም ከዚሁ ነው። የጤነኛ ሰው ፕሌትሌት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። ከ20,000 ሲያንስ ነጠብጣቡ ሊበዛ ይችላል፤ ከ10,000 በታች ሲወርድ ያለ ምንም ምክንያት ውስጥ ለውስጥ መድማት ስለሚያሰጋ፣ ሕመምተኛው ባይደማም ፕሌትሌት ይሰጠዋል። የሕመምተኛዎን የመጨረሻ ቁጥር በቃልዎ ይያዙ። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።

ጠጠር ያለ፣ ብዙ ጊዜ የማያምና የማያሳክክ፣ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው እባጭ ወይም ወፍራም ንጣፍ ሲወጣ ግን የካንሰር ሴሎቹ ቆዳ ውስጥ መግባታቸው ይጠረጠራል። አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ፊትን፣ ደረትንና እግርን ሊሞላም ይችላል። ይህ የሚበዛው በአዋቂዎች ላይ ሞኖሳይት የሚባለው ሴል በሚሳተፍባቸው የአጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ ዓይነቶች ነው። እነዚሁ ዓይነቶች ድድን ያሳብጣሉ፤ ድዱ ጥርሱን እስኪሸፍን ሊያብጥ ስለሚችል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የደም ምርመራ ይጠይቁ። ፕሌትሌቱ ወርዶ ሳለ የተነቀለ ጥርስ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል።

ልጆች ላይ ደግሞ የዓይን ዙሪያ እብጠትና የዓይን ወደ ውጭ መውጣት አለ። የሉኪሚያ ሴሎች ከዓይን ኋላ ተከማችተው እባጭ ሲሠሩ የሚመጣ ነው። በሉኪሚያ የተወለደ ሕፃን ከሆነ ከአራቱ በአንዱ ገደማ ላይ ሰማያዊ የሚመስሉ ጠንካራ እባጮች ቆዳው ላይ ይታያሉ።

አንዳንዴ የቆዳው እባጭ ደሙ ላይ ምንም ሳይታይ ይቀድማል። ምርመራው ነጻ ነው ተብሎ የተመለሰ ሰው፣ እባጩ እየበዛ ከሄደ፣ ናሙና እንዲወሰድለት ደግሞ መጠየቅ አለበት።

በአንድ ጎን ብቻ፣ በጀርባ ወይም በጎድን ዙሪያ በመስመር ወጥቶ ውኃ የሚቋጥርና የሚያቃጥል ሽፍታ አልማዝ ባለጭራ ነው። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ የመከላከል አቅሙ በወረደ ሰው ላይ ግን ሰውነቱን ሁሉ ሊያዳርስና ወደ ሳንባና አንጎል ሊገባ እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። የቫይረሱ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር በጣም ይረዳል፤ ሰዓቱ አልፏል ብለው ግን አይቅሩ። ቤት ውስጥ ኩፍኝ ወይም ውኃ የሚቋጥር ሽፍታ የያዘው ሌላ ልጅ ካለ፣ ሕመምተኛው ምንም ባይታይበትም በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገር።

ሌላው ሐኪሞችንም የሚያሳስተው፣ ከትኩሳት ጋር ድንገት የሚወጣ፣ ሲነኩት የሚያም፣ ያበጠ ሽፍታ ነው። ኢንፌክሽን ይመስላል፤ ጀርም ግን አይገኝበትም፣ በአንቲባዮቲክም አይሻለውም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮበርት ስዊት እ.ኤ.አ. በ1964 የገለጸው ሲሆን በስሙም ይጠራል። በናሙና ከተረጋገጠ በፕሬድኒሶሎን ቶሎ ይለቃል። ያለ ማረጋገጫ ግን ፕሬድኒሶሎን አይጀመር፤ ኢንፌክሽን ከሆነ ያባብሰዋል።

እስከ ነገ የማይጠብቁ ምልክቶች

ቴርሞሜትር ከሌለዎት ዛሬ ይግዙ። ሙቀቱ በብብት ወይም በአፍ ይለካ፤ በፊንጢጣ አይለካ፣ ያደማል። ኬሞ የሚወስድ ሰው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰና ካልወረደ፣ ወይም አንዴም ቢሆን 38.3 ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሙቀቱን ሳይለኩ ፓራሲታሞል አይስጡ፤ ቁጥሩን ይደብቅና ያዘናጋል። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሴል ከ500 በታች ወርዶ ትኩሳት የያዘው ሰው አንቲባዮቲክ ማግኘት ያለበት በደረሰ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ነው። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ «ኬሞ ላይ ነው፣ ትኩሳት አለው» የሚለውን ቃል አስቀድመው ይናገሩ፤ ሰልፍ ላይ ተቀምጠው አይጠብቁ።

እንደዚሁ የሚያስቸኩሉ አሉ፦ መሃሉ የጠቆረና ዙሪያው የቀላ፣ በሰዓታት ውስጥ የሚሰፋ ቁስል፤ ለ15 ደቂቃ ተጭነው ያልቆመ ነስር፤ በድንገት ከተበተነ የደም ነጠብጣብ ጋር የመጣ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም መደናገር፤ አፍን፣ ዓይንንና ብልትን አቁስሎ ቆዳን የሚልጥ ሽፍታ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የመድኃኒት ጠንቅ ነው፤ ለዩሪክ አሲድ የሚሰጠው አሎፑሪኖል ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ስለሆነ ይዘውት ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

እባክዎ እነዚህን አያድርጉ

እባጩን አይብጡት፣ አይተኩሱት፣ ዋግምት አያስደርጉበት። ፕሌትሌቱ በወረደና ነጭ ሴሉ ባነሰ ሰው ላይ የተበጣ ቦታ ደሙ አይቆምም፣ ቁስሉም አይድንም። ጡንቻ ላይ የሚሰጥ መርፌም እንደዚሁ ነው፤ ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ የሕመም ማስታገሻ መርፌ እንውጋው ሲሉዎት «የደም ካንሰር አለበት» ብለው ያስቁሙ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የፕሌትሌትን ሥራ ስለሚያዳክሙ ሐኪሙ ሳያዝ አይወሰዱ።

ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የሚሸጡ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች ችፌን ለጊዜው ያስታግሳሉ። የሉኪሚያ እባጭን ወይም ጭርትን ግን መልኩን ለውጠው ሐኪሙን ያሳስታሉ። ቁስል ላይ ቅቤ፣ ዳማከሴ፣ ሬት ወይም ሌላ ቅጠል አይደረግ፤ ከአፈር የመጣ ቅጠል ከአፈሩ ሻጋታ ይዞ ይመጣል።

ጠበልን በተመለከተ፣ የሚያምን ሰው እምነቱን ይዞ እንዲታከም እፈልጋለሁ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ቀጠሮውን ሳያሳልፍ ይሂድ። ክፍት ቁስል ካለው ወይም ነጭ ሴሉ ከወረደ ግን በቀዝቃዛ ውኃ መጠመቁና ብዙ ሰው በሚጋፋበት ቦታ መቆየቱ ያሰጋዋል። ለአጥማቂው አባት ሁኔታውን ይንገሯቸው፣ ቁስሉም ተሸፍኖ ይቆይ።

የት ይወስዱታል?

ሉኪሚያው የታወቀና ክትትል ያለው ሰው ከሆነ መዝገቡ ወዳለበት የደም ሕክምና ክፍል ይውሰዱት። ጥቁር አንበሳ ከሆነ ከጀሞ ወይም ከለቡ ሜክሲኮ የሚል ታክሲ ይዘው ይሄዳሉ፤ ከሜክሲኮ ቅርብ ነው። ክትትሉ ቅዱስ ጳውሎስ ከሆነም እዚያው። ቆዳው ስለሆነ የታመመው በመጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ጋ ልሂድ ማለት እዚህ አያስኬድም፤ የደም ሐኪሙ አስፈላጊ ሲሆን የቆዳ ሐኪሙን ይጠራል።

ሉኪሚያ እንዳለበት ገና ያልታወቀ፣ ግን ነጠብጣብ፣ ብልዝ፣ ድካምና ንጣት አንድ ላይ የታዩበት ሰው ከሆነ በወረዳዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። የሚጠይቁት ሲቢሲ የሚባለውን ሙሉ የደም ቆጠራ ነው። ቁጥሩ ከተዛባ ደሙ በስላይድ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ማሽኑ የነጭ ሴሉን ብዛት ይናገራል፤ ያልበሰለውን ሴል የሚያየው ግን የሰለጠነ ዓይን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ የሪፈር ወረቀቱን ሳይዙ ወደ ሆስፒታል አይሂዱ፤ ወጪው ራስዎ ላይ ይወድቃል።

ደሙ ንጹሕ ሆኖ ቆዳው ላይ የማይታወቅ እባጭ ያለበት ሰው ደግሞ ከላፍቶ አቅራቢያ ጥሩ በር አለው፦ በጅማ መንገድ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት። ቦታው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር፤ አለርትም እ.ኤ.አ. በ1965 ሲመሠረት በዚሁ በሽታ ላይ ለመላው አፍሪካ ባለሙያ እንዲያሠለጥን ነበር። በዚህ ታሪክ የተነሳ ዛሬም «ዘነበወርቅ ታየሁ» ለማለት የሚያፍር ሰው አለ። እፍረቱ ዕድሜ ይቀማል። አለርት ማንኛውንም የቆዳ በሽታ የሚያይ፣ ብዙ የቆዳ ሐኪሞች የሠለጠኑበት ሆስፒታል ነው።

ናሙና ሲወሰድ

እባጩ ምን እንደሆነ የሚያረጋግጠው ባዮፕሲ ነው። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቆዳ ይወሰዳል፣ በአንድ ወይም በሁለት ስፌት ይዘጋል። ከዚያ በፊት የፕሌትሌቱን ቁጥር ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ዝቅ ካለ መጀመሪያ ፕሌትሌት ይሰጠው እንደሆነ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

አሁን የምነግርዎት ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ውጤቱን ግን ሊለውጠው ይችላል። ከናሙናው ጋር በሚሄደው ወረቀት ላይ «ሉኪሚያ ያለበት» ወይም «ሉኪሚያ የተጠረጠረ» የሚል መጻፉን ያረጋግጡ። ያለዚያ ፓቶሎጂስቱ እንደ ተራ የቆዳ ብግነት ሊያየው ይችላል፤ ከተጻፈለት ግን ሴሎቹን በልዩ ማቅለሚያ ይፈትሻል። ናሙናውን ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ራስዎ የሚያደርሱ ከሆነ ፎርማሊን ውስጥ መሆኑን፣ ክዳኑ መጥበቁንና ስሙ ዕቃው ላይ መጻፉን ይመልከቱ። ውጤቱ ሲመጣ ቅጂውን ይያዙ።

ስለ ፕሌትሌት ካነሳን፣ ከተዘጋጀ በኋላ የሚቆየው 5 ቀን ብቻ ነው። ሙሉ ደም ሳምንታት ሲቀመጥ ይህ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ደም ባንኩ ሁልጊዜ አዲስ ለጋሽ ይፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደታቸው 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ዘመዶች፣ የዕድርና የማኅበር ሰዎች በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላሉ። ሁሉም በአንድ ቀን ከሚሄዱ በየሳምንቱ ተራ ቢያወጡ ይጠቅማል።

መድኃኒቱ የሚያመጣው ለውጥ

ሃይድሮክሲዩሪያ ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር ያወጣል፣ ቆዳን ያጠቁራል፣ ያደርቃል፤ ለዓመታት ሲወሰድ ቁርጭምጭሚት አካባቢ የማይድን ቁስል ሊያመጣ ይችላል። መጥቆሩ አያሳስብም፤ ቁስሉን ግን ያሳዩ። ለሥር ሰደድ ማይሎይድ ሉኪሚያ የሚሰጠው ኢማቲኒብ፣ ማለትም በማክስ ፋውንዴሽን በኩል በነጻ ወደ አገራችን ሲመጣ የቆየው ግሊቬክ፣ የዓይን ዙሪያን ያሳብጣል፣ አንዳንዱ ላይ ሽፍታ ያወጣል፣ የጠይም ሰው ቆዳን ደግሞ ሊያነጣው ይችላል። ይህን ለምጽ ነው ብለው ፈርተው መድኃኒቱን የሚያቆሙ አሉ። ለምጽ አይደለም፤ መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን ሕመሙን ይመልሰዋል። ሳይታራቢን መዳፍና ውስጥ እግርን ያቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይልጣል። ሜቶትሬክሴት አፍን ያቆስላል። ዳውኖሩቢሲን ወይም ዶክሶሩቢሲን በደም ሥር ሲሰጥ ካቃጠለ ወይም ቦታው ካበጠ ሕመምተኛው ወዲያው ይናገር፤ ከደም ሥር የወጣ ጠብታ ሥጋን ይበላል፣ ነርሷ ቶሎ ካወቀች ግን ጉዳቱ ይቀንሳል።

የዕለት እንክብካቤ

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በሮቶና በጀሪካን መጠራቀሙ የግድ ነው። የቆመ ውኃ ግን መሃሉ የሚጠቁረውን አደገኛ ቁስል የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚኖርበት ቦታ ነው። ለሕመምተኛው መታጠቢያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ያዘጋጁ፤ ለብ ያለ ይሁን፣ ሙቅ አይሁን። ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና፣ ከታጠበ በኋላ በፎጣ ሳይፈትጉ ቀስ ብሎ ማድረቅ፣ ቆዳው እርጥበት ሳይለቀው ሽታ የሌለው ቫዝሊን መቀባት ይበቃዋል። ጥፍሩ ያጥር፣ የጥርስ ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። በምላጭ አይላጭ፤ ፀጉር ቤት የሚዘዋወር ማሽንም አይንካው። ሹሩባ አጥብቆ መሠራት ይቅር።

ለአፍ ቁስል በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው በቀን አራት አምስት ጊዜ ይጉመጥመጥ፤ አይዋጥ፣ በየቀኑም አዲስ ይበጥበጥ። በርበሬና ሎሚ እስኪድን ይቆዩ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ቆዳን ለፀሐይ ስሱ ያደርጉታል። ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ፀሐይ በጃንጥላ፣ በሰፊ ባርኔጣና በረጅም እጅጌ ያሳልፉት።

ቤተሰቡ ብቻውን እንዳይቀር ሁለት ማኅበራት ልጠቁም። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን የመሠረቱት አቶ ወንዱ በቀለና ወይዘሮ አምሳለ በየነ ትንሹን ልጃቸውን ማቲዎስን በሉኪሚያ ካጡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ተስፋ አዲስ ደግሞ ካንሰር ያለባቸውን ልጆችና ከክፍለ ሀገር የመጡ ወላጆቻቸውን በማሳረፍ ይታወቃል። ከሩቅ የመጣ ዘመድ ላፍቶ ቤትዎ አርፎ ልጁን የሚያሳክም ከሆነ ስለ ማኅበራቱ ይንገሩት።

ሕክምናው ሲሠራና ሲመለስ

የቆዳ ሉኪሚያ ዋነኛው ሕክምና ሉኪሚያውን ራሱን ማከም ነው፤ እባጩን ቆርጦ ማውጣት አያድነውም። ኬሞው ሲሠራ እባጮቹ ይሟሽሻሉ፣ ጠፍጣፋ ይሆናሉ፣ ጠቆር ያለ ጥላ ብቻ ትተው ይጠፋሉ። ጥላው ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ በእጅ ሲዳስሱት ለስላሳ ከሆነ አይጨነቁበት።

ሕመምተኛው ከሉኪሚያው ነጻ ነው ከተባለ በኋላ ግን አዲስ ጠጠር ያለ እባጭ ቢወጣ፣ ወይም የድሮው ቦታ እንደገና ቢጠጥር፣ የደም ቆጠራው ጥሩ ነው ተብሎ አይታለፍ። በሽታው ከመቅኔ በፊት በቆዳ በኩል ሊመለስ ይችላል። ቀጠሮው ሦስት ወር ቢቀረውም በዚያው ሳምንት ይሂዱ፤ የሚጠይቁትም የደም ቆጠራን፣ የቆዳ ናሙናንና የመቅኔ ምርመራን ነው።